ቨርችዋል ማሽኑ እምቢ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ከአዳማ

በዚህ ወር ከአዳማ የመጡት ደብዳቤዎች ተነጋግረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ስለሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው፣ ሁሉም «አይደገፍም»፣ «አይገኝም»፣ «አልችልም» ስለሚሉ መልእክቶች ነው። የተወሰኑትን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ «ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ለኔትወርክ ትምህርት ኡቡንቱ ሊኑክስን ቨርችዋል ማሽን በሚያስኬደው በቨርችዋልቦክስ ላስነሳ ስል “ቪቲ-ኤክስ ባዮስ ውስጥ ተዘግቷል” የሚል መልእክት መጣ። ጓደኞቼ “ፕሮሰሰሩ አሮጌ ነው፣ ተሸውደሻል” እያሉኝ ነው። ላፕቶፑን ልመልሰው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ሱቁ ከመሮጥሽ በፊት መልእክቱን ተረጋግተሽ ድገሚው። ፕሮሰሰሩ ችሎታው የለውም አላለሽም። አለው፣ ግን ተዘግቷል ነው ያለሽ። ጓደኞችሽ መልእክቱን ሳይጨርሱ ነው የፈረዱት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቪቲ-ኤክስ ፕሮሰሰሩ ቨርችዋል ማሽን በፍጥነት እንዲያስኬድ የሚያስችለው ችሎታ ነው፣ ኢንቴል ያወጣው በ2005 ነው። ኤኤምዲም በዓመቱ የራሱን ይዞ መጣ። ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኚው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ችሎታ አለው። ቨርችዋልቦክስ ማሽኑን ሲያስነሳ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ይህን ትችላለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። እችላለሁ ካለ ደግሞ ተፈቅዶልሃል ወይ ብሎ ይቀጥላል። ፈቃዱ የባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ መዝገብ ላይ ፈቃዱን ወይም ክልከላውን ይጽፍና ይቆልፋታል። አንዴ ከተቆለፈች ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ዊንዶውስም ቢለምን፣ ቨርችዋልቦክስም ቢለምን አትከፈትም። ሶፍትዌሩ ራሱ አብርቶ የማይገላግልሽ ለዚህ ነው። የግድ አንቺ ባዮስ ውስጥ መግባት አለብሽ።

መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ክፈቺ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩን (ፕሮሰሰሩን) ንኪና ከታች ቨርችዋላይዜሽን የሚለውን እዪ። ዲሴብልድ ካለ ላፕቶፑን አጥፍተሽ ስታበሪው የባዮሱን ቁልፍ ደጋግመሽ ጫኚ። ዴል ላይ ኤፍ2 ነው። ኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1። ውስጥ ገብተሽ «ኢንቴል ቨርችዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ» የሚለውን፣ ኤኤምዲ ከሆነ ደግሞ «ኤስቪኤም» የሚለውን አብሪና ሴቭ አድርገሽ ውጪ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አጥፍተሽ አብሪው፣ ሪስታርት ብቻ የማይበቃቸው ላፕቶፖች አሉና። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የበራበት ከሆነ ባዮስ ከመንካትሽ በፊት የማገገሚያ ቁልፉን ጽፈሽ ያዥ። አንዳንዴ ባዮስ ሲነካ ይደነግጥና ቁልፉን ይጠይቃል።

ሻጩን የምትጠይቂበት አንድ ነገር ግን አለ። ከድርጅት የወጡ ላፕቶፖች ባዮሳቸው የቀድሞው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል ይኖርበታል። ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ ያኔ ሄደሽ ክፈትልኝ በይው፣ መብትሽ ነው። ሌሎቻችሁም ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ስክሪኑንና ባትሪውን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ባዮስ ገብታችሁ ሞክሩት።

ቪቲ-ኤክስ በርቶም ማሽኑ እየተንቀረፈፈ ከመስኮቱ ግርጌ አረንጓዴ የኤሊ ምልክት ካየሽ ደግሞ ችሎታውን ቀድሞ የያዘው ሃይፐር-ቪ፣ የዊንዶውስ የራሱ የቨርችዋል ማሽን ሥርዓት ነው፣ ቨርችዋልቦክስ በእሱ በኩል እየተለማመጠ ነው የሚሠራው። ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ሃይፐር-ቪንና ቨርችዋል ማሽን ፕላትፎርምን ማጥፋት ይቻላል። ይህን ስታደርጊ ግን ዶከር የሚባለውን የፕሮግራም ማስኬጃ ወይም ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሊኑክስ የምትጠቀሚ ከሆነ እነሱ ይቆማሉ።

እና አንድ ከእኔ ዘመን የሆነ ሰው «ድሮ እኮ ያለ ቪቲ-ኤክስም ይሠራ ነበር» ካለሽ አልዋሸም። በ2019 መጨረሻ የወጣው ቨርችዋልቦክስ 6.1 ነው ያንን መንገድ የዘጋው።

ጥያቄ፦ «ሦስት ሆነን ለአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ሠልጣኙ አንድ በተን ይጫናል፣ የእኛ ፕሮግራም ሊብቨርት በሚባለው የቨርችዋል ማሽን ማስተዳደሪያ በኩል ቨርችዋል ማሽን ይፈጥርለታል። እኛ ላፕቶፖች ላይ እሳት ነው። ማሠልጠኛው ክፍል ስንወስደው ግን ግማሾቹ ኮምፒውተሮች ላይ “አንሰፖርትድ ኮንፊገሬሽን” ይልና ፕሮግራሙ ይሞታል፣ ስክሪኑን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሞላዋል። አንዱ ጓደኛችን “ኤረሩን ያዘውና እስኪሳካ ደጋግመህ ሞክር” ይላል። ሌላዋ “ያልተደገፈውን ሴቲንግ ቆርጠን ጥለን ዝም ብለን እናስነሳው” ትላለች። እኔ ሁለቱም አልተዋጡልኝም።» (ከፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ አለመዋጣቸው ደግ ነው። የመጀመሪያው ጓደኛህ ሐሳብ ጊዜ ያባክናል፣ የሁለተኛዋ ግን የባሰ ነው።

ደጋግሞ መሞከር የሚያዋጣው ችግሩ በራሱ የሚያልፍ ሲሆን ነው። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ጠፍቶ ነበር፣ ኔትወርኩ ተቋርጦ ነበር፣ ሌላ ሰው ፋይሉን ይዞት ነበር፤ ጥቂት ጠብቀህ ብትደግም ይሳካል። ይሄኛው ግን «የጠየቅከኝ ነገር እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም» ነው የሚልህ። ሺህ ጊዜ ብትጠይቀው ሺህ ጊዜ ያንኑ ይመልስልሃል። ሠልጣኙ ደግሞ ያንን ሁሉ ጊዜ የሚሽከረከር ክብ እያየ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ጓደኛህ ሐሳብ ልምጣ። ከጻፍክልኝ ተነስቼ ስገምት ኤክስኤምኤላችሁ (የማሽኑ ሴቲንጎች የተጻፉበት ፋይል) ውስጥ የሲፒዩው ሞድ «ሆስት-ፓስስሩ» ነው፣ የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር እንዳለ ለማሽኑ አሳየው ማለት ነው፣ ግማሾቹ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ቨርችዋላይዜሽን ባዮስ ውስጥ ተዘግቷል፣ ከላይ ተማሪዋ እንደገጠማት ማለት ነው። ቨርችዋላይዜሽኑ ከሌለ ኬቪኤም (የሊኑክስ ፈጣኑ የቨርችዋል ማሽን ማስኬጃ) የለም፣ ኬቪኤም ከሌለ የሚቀረው ኪውኢሙ የሚባለው ኢሙሌተር (አስመሳይ ፕሮግራም) ሁሉንም ትእዛዝ እየተረጎመ የሚሠራበት መንገድ ብቻ ነው። ያ መንገድ ደግሞ ሆስት-ፓስስሩን አይቀበልም። ሴቲንጉን ቆርጣችሁ ብትጥሉት ማሽኑ በእርግጥ ይነሳል። ይነሳና ኡቡንቱን ለመክፈት ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪወርድ ይቆያል። ሠልጣኙ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ይላል፣ አስተማሪው «ሶፍትዌሩ የማይረባ ነው» ይላል፣ እውነተኛውን ምክንያት የሚያውቅ ግን በክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው የለም፣ ምክንያቱም እናንተው ደብቃችሁታል።

ሌላ ምሳሌ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (የአስተማማኝ አነሳስ ሴቲንግ) ይፈልጋል። ሆስቱ (ቨርችዋል ማሽኑን የሚሸከመው እውነተኛው ኮምፒውተር) ላይ የቲፒኤም ማስመሰያው አልተጫነም እንበል። ፕሮግራማችሁ ቲፒኤሙን ዝም ብሎ ቢያወጣው ማሽኑ ይነሳል፣ ሠልጣኙ አይኤስኦውን (የመጫኛ ዲስኩን ፋይል) ያስገባል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ ነገር ይሞላል፣ ከዚያ ዊንዶውሱ «ይህ ኮምፒውተር አይሆነኝም» ይለዋል። ስህተቱ አልጠፋም። ከምክንያቱ ርቆ ሄዶ ሌላ ቦታ ፈነዳ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የነበረባችሁ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሴቲንግ ስትጽፉት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ባይኖር ማሽኑ ያው ማሽን ነው ወይስ ሌላ ነገር ይሆናል? የድምፅ ካርድ ባይኖር ለኔትወርክ ሥልጠና ምንም አይጎድልም፤ አውጡት፣ ሎግ ላይ ጻፉት፣ ቀጥሉ። ኬቪኤም ባይኖር ግን ሌላ ነገር ሆነ። ያንን የሚወስነው ሰው እንጂ ፕሮግራሙ መሆን የለበትም።

ይህን አስተሳሰብ ሊብቨርት ራሱ ውስጥ ታገኘዋለህ፣ ዶክሜንቴሽኑን ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለአንድ የሲፒዩ ፊቸር ፖሊሲ ስትሰጥ «ሪኳየር» ካልከው ሆስቱ ላይ ከሌለ ማሽኑ አይነሳም። «ኦፕሽናል» ካልከው ካለ ይጠቀማል፣ ከሌለ ይተወዋል። «ፎርቢድ» ደግሞ ሆስቱ ላይ ካለ አልነሳም ይላል። ለሲዲና ለፍሎፒም እንዲሁ ነው፤ ፋይሉ ሲጠፋ ማሽኑ ይቁም ወይስ ድራይቩን ባዶ አድርጎ ይቀጥል የሚለውን «ስታርትአፕ ፖሊሲ» በሚል ሴቲንግ አንተ ትመርጣለህ። የሥልጠና አይኤስኦ በፍላሽ ከቦታ ቦታ በሚዞርበት ክፍል ይህቺ አንዲት መስመር ስንት ጭቅጭቅ ታድናለች።

ወደ ኮዱ ስንገባ፣ ከመፍጠራችሁ በፊት ጠይቁ። ሊብቨርት «ዶሜን ካፓቢሊቲስ» የሚል ጥሪ አለው። ይህ ሆስት፣ በዚህ ኢሙሌተር፣ ምን ምን የሲፒዩ ሞድ፣ የዲስክ ባስ፣ የቲፒኤም ሞዴል እንደሚቀበል ዘርዝሮ ይሰጥሃል። ፕሮግራማችሁ ሲከፈት ይህን ያንብብና የማይቻለውን ምርጫ መጀመሪያውኑ አያሳይ፣ ወይም አደብዝዞ ምክንያቱን አጠገቡ ይጻፍ። ቪርሽ በሚባለው የሊብቨርት የትእዛዝ መስመር ላይ በእጃችሁም ልታዩት ትችላላችሁ። ማሠልጠኛው ክፍል ስትሄዱ ደግሞ «ቪርት-ሆስት-ቫሊዴት» የሚለውን ትእዛዝ በየኮምፒውተሩ አስኪዱት። አልፏል፣ ወድቋል እያለ በመስመር በመስመር ይነግራችኋል፣ ግማሽ ቀን ከመገመት ያድናል።

ቀድማችሁ ጠየቃችሁ ማለት ግን ኤረር መያዙን መተው ትችላላችሁ ማለት አይደለም። ማሽኑ ዲፋይን ሲደረግ (ሲመዘገብ) አልፎ ሲነሳ ሊወድቅ ይችላል፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ምርመራ የሚደረገው በሚነሳበት ሰዓት ነው፤ በመሃል ሆስቱ ሊለወጥ ይችላል፣ ሰው ባዮስ ሊነካ ይችላል። ሁለቱም ቦታ ላይ ያዙት።

ስትይዙት ጽሑፉን ሳይሆን የኤረሩን ኮድ እዩ። ያልተደገፈ ኮንፊገሬሽን ማለት በሊብቨርት ኮድ 67 ነው። የተሳሳተ ኤክስኤምኤል ሌላ ኮድ አለው፣ ያ የእናንተ ባግ ነውና ሠልጣኙ ላይ አታላክኩት። ጽሑፉ ውስጥ «አንሰፖርትድ» የሚለውን ቃል እየፈለጋችሁ ከሆነ አንድ ቀን ጉድ ትሆናላችሁ። የሊብቨርት መልእክቶች በሲስተሙ ቋንቋ ይተረጎማሉ፣ በየቨርዥኑም አጻጻፋቸው ይቀያየራል። ኮዱ ግን ያው ነው። ሙሉውን የእንግሊዝኛ መልእክት ግን እንዳትጥሉት። ሎግ ውስጥ እንዳለ አስቀምጡት፣ ስክሪኑ ላይም «ዝርዝር» ከሚል በተን ጀርባ ይቀመጥ። አስተማሪው ለእናንተ ሲደውል የሚያነብላችሁ እሱን ነው።

ቅደም ተከተሉንም እዩት። ብዙ ፕሮግራም መጀመሪያ ሃያ ጊጋ ዲስክ ይፈጥራል፣ ከዚያ ማሽኑን ያስመዘግባል፣ ከዚያ ሊያስነሳ ሲል ይወድቃል፣ ዲስኩም ምዝገባውም እዚያው ተጥሎ ይቀራል። ሠልጣኙ ሁለተኛ ጊዜ ሲጫን «በዚህ ስም ማሽን አለ» የሚል ሌላ ኤረር ይመጣል፣ የመጀመሪያውን ችግር ደግሞ ይሸፍነዋል። ምርመራው ይቅደም፣ ዲስኩ በኋላ ይምጣ፣ መሃል ላይ ከወደቀም የጀመራችሁትን አጽዱ።

ለሠልጣኙ የሚታየው መልእክት ላይ ጊዜ አጥፉበት። «ስህተት ተፈጥሯል፣ እንደገና ይሞክሩ» ማለት ምንም አለማለት ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ቨርችዋል ማሽኑ አልተነሳም። የፕሮሰሰር ቨርችዋላይዜሽን ይፈልጋል፣ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ግን አልበራም። ባዮስ ውስጥ እንዲበራ አስተማሪህን ጥራ። ካልሆነም “በቀስታ አስነሳ” የሚለውን ምረጥ፣ ይሠራል ግን በጣም ይዘገያል። ምንም ፋይል አልተፈጠረም፣ የነበረህም ነገር አልተነካም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትቆርጧት። ሰው ቀይ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚፈራው «አበላሸሁት እንዴ» ብሎ ነው። «በቀስታ አስነሳ» የሚለው ደግሞ የሁለተኛዋ ጓደኛህ ሐሳብ ነው፣ አልጣልኩትም፤ ልዩነቱ ሠልጣኙ አውቆ የመረጠው መሆኑ ብቻ ነው።

ለመሞከር ሩቅ አትሂዱ። ከሦስታችሁ አንዱ ላፕቶፑ ላይ ባዮስ ገብቶ ቨርችዋላይዜሽኑን ይዝጋውና በዚያ ላይ ሥሩ። አሁን የእናንተ ላፕቶፖች ሁሉ ደህና ስለሆኑ ነው ችግሩን ቀድማችሁ ያላያችሁት።

ጥያቄ፦ «የሱቄ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ ስለሆነ አንድ ልጅ ቨርችዋልቦክስ ውስጥ አድርጎልኝ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ገዝቼ ፎልደሩን ገለበጥኩ። አዲሱ ላይ ግን ስለተቀመጠ ሁኔታና ስለ ፕሮሰሰር የሆነ ነገር ይልና አይነሳም። የዓመታት ሒሳቤ እዚያ ውስጥ ነው። ጠፍቶ ነው?» (ነጋዴ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ)

መልስ፦ አይዞዎት፣ ሒሳብዎ አልጠፋም። ያለው ዲስኩ ፋይል ውስጥ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አልነካውም።

የሆነው እንዲህ ነው። ኤክስፒውን ሲዘጉት ሹት ዳውን አላደረጉትም፣ «ሴቭ ስቴት» በሚለው ነው የዘጉት። ያኔ የማሽኑ ማስታወሻ (ሜሞሪው) በዚያች ቅጽበት እንደነበረ ይቀመጣል፣ አሮጌው ፕሮሰሰር ይችላቸው የነበሩ ነገሮችም አብረው ይመዘገባሉ። አዲሱ ፕሮሰሰር ሌላ ነው። ቨርችዋልቦክስ አወዳድሮ አልተስማማለትም፣ ስለዚህ እምቢ አለ። ልክ ነው፤ በግድ ቢያስነሳው ኤክስፒው መሃል ላይ ተንኮታኩቶ ሒሳቡን ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር።

አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም የሚበራ ከሆነ እዚያ ያስነሱት፣ ፕሮግራሙን ይዝጉ፣ ኤክስፒውን ከስታርት ሜኑ በደንብ ሹት ዳውን ያድርጉት፣ ከዚያ ፎልደሩን እንደገና ይገልብጡ። በፍላሽ ከሆነ የፍላሹን ፎርማት ይዩ፣ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

አሮጌው ጭራሽ ሞቶ ከሆነ መጀመሪያ ያለዎትን ፎልደር ሌላ ቦታ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ። ያለ ቅጂ ምንም አይንኩ። ከዚያ ማሽኑ ላይ በቀኝ ክሊክ «ዲስካርድ ሴቭድ ስቴት» የሚለውን ይምረጡ። ኤክስፒው ላይ መብራት ድንገት እንደጠፋበት ይቆጠራል፤ ሲዘጉት ሴቭ ያልተደረገ ነገር ከነበረ እሱ ይቀራል፣ የቀረው ይኖራል። «ሪሙቭ» እና «ዲሊት ኦል ፋይልስ» የሚሉትን ግን በስህተትም እንዳይነኩ፣ እነሱ ዲስኩንም ሊጠርጉ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ዩኤስቢ 2.0 የሚያወራ መልእክት ቢመጣ አይደንግጡ። ቆየት ባሉት ቨርዥኖች ዩኤስቢ 2.0 የሚሠራው ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው የቨርችዋልቦክስ ተጨማሪ ጥቅል ከተጫነ ብቻ ነበር። መልእክቱ የጎደለውን ይጠራል፣ ሁለት መውጫም ይሰጣል፦ ፓኩን ጫን፣ ወይም ዩኤስቢ 2.0ን ከሴቲንግ አጥፋ። የፍራንኮዎቹ ልጆች ይህችን መልእክት አይተው ቢማሩባት ደስ ይለኛል። ቨርችዋልቦክስ 7.0 ከ2022 ጀምሮ ያንን ዋናው ውስጥ አስገብቶታል፣ ስለዚህ አዲሱን ከጫኑ ላያዩትም ይችላሉ።

ኤክስፒ ደግሞ ከሚያዝያ 2014 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ የለውም። ለሒሳብ ብቻ ከሆነ የማሽኑን ኔትወርክ ሴቲንግ ገብተው «ኬብል ኮኔክትድ» የሚለውን ምልክት ያንሱት፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ «ማክቡክ ኤም2 አለኝ። ለኮርሱ የተሰጠን የዊንዶውስ 10 ቨርችዋል ማሽን ፋይል በምንም ሶፍትዌር አይነሳም። የትኛውን ልጫን?» (ከመብራት ኃይል ሰፈር)

መልስ፦ ሶፍትዌር በመቀያየር አይፈታም። አፕል ከ2020 መጨረሻ፣ ከኤም1 ጀምሮ የአርም ፕሮሰሰር ነው የሚጠቀመው። የተሰጣችሁ ፋይል ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራ ነው። ቨርችዋል ማሽን ፕሮሰሰሩን ያካፍላል እንጂ ሌላ ፕሮሰሰር አይፈጥርም። ዩቲኤም የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር በማስመሰል ሊያስነሳው ይችላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ነገር አይቶ ለመዝጋት ካልሆነ ለየቀን ሥራ አልመክርህም። ዊንዶውስ 11 የአርም ስሪት ማክህ ላይ በደንብ ይሠራል፣ የኮርሱ ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ እዚያ ላይ ሊነሱ ይችላሉ፤ የራሱን ድራይቨር የሚጭን ፕሮግራም ካለ ግን አይሆንም። አስተማሪህን የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ጠይቀው። ድራይቨር የሚጭን ካለበት ለዚያ ኮርስ ብቻ የኢንቴል ላፕቶፕ ካለው የክፍል ጓደኛህ ጋር ተቀናጅተህ ሥራ።